«እማኝህን ቁጠር»፦ ልጆችን በማስረጃ መከራከር ስለማስተማር

ሰሞኑን ከደረሱኝ መልእክቶች አራቱ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ልጆች ለሚናገሩት ነገር ማስረጃ እንዲያመጡ እንዴት እናስተምራቸው? አንድ ላይ ብመልሳቸው ይሻላል ብዬ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል ሕብረተሰብ አስተምራለሁ። ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ተማሪዎቼ መናገር አይቸግራቸውም፤ ይከራከራሉ፣ ይጯጯሃሉ። «ምክንያትህን አስረዳ» ብዬ ስጽፍ ግን የሚመጣልኝ «እውነት ስለሆነ» የሚል መልስ ነው፤ ካልሆነም ከመጽሐፉ ቃል በቃል የተገለበጠ አንቀጽ። ክፍሌ ውስጥ 56 ልጆች አሉ። የሚኒስትሪ ፈተና ደግሞ ከሀ እስከ መ መምረጥ ነው። ከየት ልጀምር?
መምህርት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ የሙያ ባልደረባዬ ነሽና አንቺ ብልሽ ቅር አይልሽም።

ታሪክና ሕብረተሰብ ሳስተምር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሰባት ዓመታት ያሳለፍኩት አሁን አንቺ ያለሽበት ቦታ ላይ ነው። «ማስረጃ ጥቀሱ» እላለሁ፣ እነሱ ከመጽሐፉ ይገለብጣሉ፣ እኔ ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ማርክ እቀንሳለሁ። የምፈልገው ነገር ምን እንደሚመስል ግን አንድም ቀን ሠርቼ አላሳየኋቸውም። ያላየውን ልጁ ከየት ያምጣው?

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። አማርኛ መረጃ እና ማስረጃ የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት፤ ልጆቹ እንደ አንድ ነው የሚያዩአቸው። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተካሄደ ብንል መረጃ ነው። ማስረጃ የሚሆነው አንድ ሰው የሚያከራክር ነገር ተናግሮ፣ ያንን ነገር እንዲመሰክርለት ሲጠራው ነው። ካልተጠራ ለማንም አይመሰክርም። ልጆችሽ አንቀጽ ሲገለብጡ ምስክሩን አምጥተው በር ላይ አቁመውታል፤ ለምን እንደጠሩት ግን አልነገሩሽም።

ይህን የድሮ ሰዎች በደንብ ያውቁት ነበር። በላ ልበልሃን አስቢው። ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ በግጥም፣ በምሳሌ፣ በቅኔ ይሟገታል፤ አንደበቱ የተባ ሰው አድማጩን ሁሉ ይማርካል። ነገሩ ሲጠብቅ ግን «እማኝ ቁጠር» ይባላል። እማኝ ከሌለው ያ ሁሉ አንደበት ብቻውን አያዋጣውም። ልጆቻችን አንደበቱን ወርሰዋል፣ የጎደላቸው እማኙ ነው። እኔ «ማስረጃ ጥቀስ» ማለቱን ትቼ «እማኝህን ቁጠር» ማለት ከጀመርኩ ወዲህ ክፍሌ ተለውጧል። ቃሉ ሰው ያስታውሳቸዋል መሰለኝ። ተጠርቶ የሚመጣ፣ የሚጠየቅ፣ ሊዋሽም የሚችል ሰው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በውጫሌ ውል ጀምሪ። ልጆቹ ስሙን ያውቁታል፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ክርክሩ ደግሞ በአንዲት ግሥ ላይ የቆመ ነው። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ፈራሚዎቹ ምኒልክና የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣልያንኛው ግን ነገሩ ግዴታ ሆነ። ጣልያን እሱን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀች።

ሁለቱን ሐሳቦች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፊና እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፤ ምኒልክ ይህን ግዴታ መግባታቸውን ያውቁ ነበር? ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አያውቁም!» ይላል። «እንዴት አወቃችሁ?» በይ። ዝም ይላሉ። ዝምታውን አትፍሪው፣ ቶሎ ብለሽም አትሙዪው። ትንሽ ቆይተሽ አንድ ተጨማሪ መረጃ ስጫቸው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ፤ ይህንኑ ለማሳወቅ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት በቀጥታ ደብዳቤ ጻፉ፤ የመጣላቸው መልስ ግን ጉዳይዎን በጣልያን በኩል ይላኩ የሚል ነበር። ከዚያ አምስት ደቂቃ ስጪና ተዪአቸው።

እኔ ክፍል አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ፣ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ እንዲህ አለች፦ «ግዴታ መግባታቸውን ቢያውቁ ኖሮ ደብዳቤውን በቀጥታ ባልጻፉ ነበር።» እኔ ቾኩን አስቀምጬ ዓረፍተ ነገሯን ሰሌዳው ላይ እንድትጽፈው ጠራኋት። እስካሁን ሳስበው ደስ ይለኛል። «ቢያውቁ ኖሮ… ባልጻፉ ነበር» የምትለዋ አነጋገር ናት ማስረጃውን ከሐሳቡ ጋር የምታስረው። አብዛኞቹ ልጆች ሐሳብም ማስረጃም አላቸው፤ የሚጎድላቸው ይህቺ ማሰሪያ ናት፣ እኛም የማናስተምራቸው እሷኑ ነው።

እዚያ ላይ አታቁሚ። ክፍሉን ለሁለት ክፈይና ግማሹ የአንቶኔሊን ወገን ይያዝ። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ እኔ ለጣልያን አልከራከርም!» ብሎኝ ያውቃል። ስሜቱ ገባኝ። ጣልያንን ውደድ አላልኩህም፣ አንቶኔሊ ምን ብሎ እንደሚከራከር ካላወቅህ ግን መልስ ልትሰጠው አትችልም አልኩት። በማግስቱ ምን ይዞ እንደመጣ ልንገርሽ። «ምኒልክ ውሉን በይፋ ያፈረሱት በ1885 ዓ.ም. ነው፤ ስህተቱን ካወቁ ይህን ያህል ዓመት ለምን ቆዩ?» ጥሩ ጥያቄ ነው! ሌሎቹ መልስ ፍለጋ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመሩ፤ በመካከሉ ድርድር እንደነበረም ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ማንም ገልብጡ ሳይላቸው መጽሐፉን ሲከፍቱ ያየሁት ያን ቀን ነበር።

ለጽሑፍ ደግሞ ሦስት መስመር ብቻ ጠይቂ። «የምለው…»፣ «እማኜ…»፣ «ስለዚህ…»። ከአምስት ማርክ ለመጀመሪያው አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው ሁለት ስጪ። ሐሳቡ ካንቺ ጋር ስለተስማማ ማርክ አትጨምሪ፣ ስላልተስማማም አትቀንሺ። ልጆቹ ይህን በደንብ ያዩታል። የቁጥሩ ብዛት እንዳያስጨንቅሽ ከአንድ ዴስክ አንድ ወረቀት ብቻ ሰብስቢ፤ ሦስት ሦስት ሆነው ከተቀመጡ 56ቱ ልጆች 19 ወረቀት ናቸው፣ በአንድ ትርፍ ፔሬድ ይታረማሉ።

ስለ ሚኒስትሪ ብዙ አትጨነቂ። ውጫሌ ከዓድዋ በፊት ለምን እንደሆነ የገባው ልጅ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አያምታታውም።

አንድ ነገር ልጨምር። አራት ኪሎ መሆንሽ ትልቅ ዕድል ነው። በእግርሽ ወደ ላይ ብትወጪ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት አለልሽ፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ የያኔው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበት ቦታ ነው። ልጆቹን ውሰጃቸው። ሐውልቱ ዙሪያ ያሉትን ቅርጾች በዝምታ ይዩ፣ ይሣሉ፣ ከዚያ ጠይቂያቸው፤ ይህ ሐውልት ስለ ምን ሊመሰክር ይችላል? ስለ ምንስ አይችልም? ሐውልቱን የሠሩት ከዩጎዝላቪያ የመጡ ቀራጮች ናቸው፤ የቆመውም ከነጻነት በኋላ ነው። ስለዚህ በዚያን ቀን የሆነውን ያየ እማኝ አይደለም። አገሪቱ ያንን ቀን እንዴት ልታስታውሰው እንደፈለገች ግን ከእሱ የበለጠ የሚመሰክር የለም። አንድ ነገር ለአንዱ ጥያቄ ጠንካራ ማስረጃ፣ ለሌላው ደካማ ሊሆን እንደሚችል የ8ኛ ክፍል ልጅ በዓይኑ ሲያየው ወዲያው ይገባዋል።

ከቦምቡ በኋላ ጣልያኖች በሦስት ቀን ውስጥ የጨፈጨፏቸው ሰዎች ቁጥርም መነሣቱ አይቀርም። የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ብሏል። ዘግይቶ ጉዳዩን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል 19 ሺህ ገደማ ይላል። ከጣልያን ወገን የወጡት ቁጥሮች ከሁለቱም እጅግ ያነሱ ናቸው። ልጆቹ «ታዲያ ማን ዋሸ?» ይሉሻል። ጥያቄውን ቀይሪላቸው። ማን ቆጠረ? መቼ? እንዴት? ቁጥሩ ቢያንስ ወይም ቢበዛ ማን ይጠቀማል? ይህን ስታደርጊ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ክፍልሽ ውስጥ በእነዚያ ሦስት ቀናት ዘመድ የሞተበት ቤተሰብ ልጅ ሊኖር ይችላል። ቁጥር ማጣራት ሐዘኑን ማሳነስ እንዳልሆነ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

እኔ በአንድ ወቅት ልጆች ይዤ ስወጣ አንድ አለቃዬ «ሲላበሱን ጨርሺ፣ ሽርሽሩን ተዪው» ብሎኝ ያውቃል። በጣም ተከፍቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጉዞውን ከምዕራፉ ጋር አያይዤ፣ ልጆቹ የሚሞሉትን ወረቀት አብሬ አቀርብ ጀመር፣ ፈቃድም አልተከለከልኩም። መውጣት ካልተቻለም ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሞልቷል። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለውን የምኒልክ ሐውልት ጣልያን አዲስ አበባን እንደያዘ ለምን አነሣው? ይህችን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጻፊና ሦስቱን መስመር ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ አሳይመንት ሲያስገቡ መጨረሻው ላይ «ምንጭ፦ ጉግል» ብለው ይጽፋሉ። ልቀበል ወይስ ልመልስ?
መምህር፣ ከቀበና

መልስ፦ ይመልሱት። ጉግል ገበያ ነው፣ ሱቅ አይደለም። ጫማዬን መርካቶ ገዛሁት ያለ ሰው ጫማው ሲቀደድ የትኛው ሱቅ ይመልሰዋል? ልጆቹ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈውና የት እንዳገኙት ይጻፉ። ጸሐፊው ካልታወቀ «ጸሐፊው አልታወቀም» ብለው በግልጽ ይጻፉት። ያንን ለመጻፍ ሲያፍሩ ራሳቸው ሌላ ይፈልጋሉ። ቴሌግራም ላይ ለተገኘ ስክሪንሾትም ያው ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። የምንለውን ሁሉ «ማስረጃህ ምንድነው?» ይለናል። እሱ ግን ማስረጃው ቲክቶክ ነው። ባለፈው እራት ላይ አዲስ አበባ 10 ሚሊዮን ሕዝብ አላት አለ፤ እኔ 5 ነው አልኩ፤ ተጨቃጨቅን። አያቱ ፊት እንዲህ መናገሩ ደግሞ ስድነት ሆኖ ነው የሚሰማኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?
አባት፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ አባት። በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት ልበል፣ ከልቤ ነው። እራት ላይ ስለ ሕዝብ ብዛት የሚከራከር የ13 ዓመት ልጅ ሁሉም ቤት የለም።

ወደ ቁጥሩ ስመጣ፣ ሁለታችሁም አልቆጠራችሁም፤ እኔም አልቆጠርኩም። የሕዝብና ቤት ቆጠራ አገር አቀፍ ሆኖ የተካሄደው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። በመጨረሻው ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት፤ አገሪቱ በጠቅላላ 73.7 ሚሊዮን አካባቢ። ከዚያ በኋላ የምንሰማቸው ቁጥሮች በሙሉ ግምት ናቸው። በዘፈቀደ የተወረወሩ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ከቆጠራው ተነሥተው፣ ውልደቱን፣ ሞቱን፣ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣውን ሰው አስልተው የሚያወጧቸው አሉ። ግምት እንደ ማስረጃ ይጠራል፤ ግን ግምት ነኝ ብሎ ነው መቅረብ ያለበት። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጅዎን ጠርተው «ና፣ የኔም ያንተም ቁጥር ከየት እንደመጣ አብረን እንይ» ይበሉት። ያ ቪዲዮ ላይ የተናገረው ሰው ምንጩን ጠቅሷል? ከተማዋን ብቻ ነው ወይስ በዙሪያዋ ያሉትንም ከተሞች ጨምሮ ነው የቆጠረው? እርስዎስ 5ቱን ከማን ሰሙት? የእርስዎም መልስ «ሰው ሲል ሰምቼ» ከሆነ እሱ ፊት ይበሉት። ይህ አያዋርድዎትም። አባቱ እንደዚያ ሲል የሰማ ልጅ ነገ እሱም ለማለት አያፍርም።

ስለ ስድነቱ ይገባኛል። እኛ ያደግነው ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በሚባልበት ቤት ነው፣ ያንን አክብሮት ልጆቻችን እንዲጥሉት አልመኝም። ግን ጥያቄውና አጠያየቁ ሁለት ነገሮች ናቸው። ጥያቄውን ይቀበሉት፣ አጠያየቁን ያርሙት። አያቱን «ማስረጃሽ ምንድነው?» ማለት ሙግት ነው። «እማማ፣ ይህን ከማን ነው የሰሙት? እርስዎ ያኔ የት ነበሩ?» ሲል ግን ያው ጥያቄ ጨዋታ ይሆናል፤ አያትየውም ደስ ብሏቸው ያወራሉ። አማርኛችን ለዚህ የሚሆን ጨዋ አነጋገር ሞልቶታል፤ ያስተምሩት።

ጥያቄ፦ ቲቸር እንዴት ነሽ። 8ኛ ክፍል ነኝ። አያቴ ንጉሡ ከሥልጣን የወረዱ ቀን በቮልስ ሲወሰዱ አይቻለሁ ትላለች። ለአሳይመንት ስጽፈው መምህራችን መጽሐፍ ላይ የሌለ አይጠቀስም አለን። ደሞ የአያቴ ጎረቤት የመኪናው ቀለም ሌላ ነበር ትላለች። የአያቴ ወሬ ማስረጃ ይሆናል ወይስ አይሆንም?
ተማሪ፣ ከአምስት ኪሎ

መልስ፦ ይሆናል የኔ ልጅ። ግን እንደማንኛውም እማኝ ልትጠየቅ ይገባል። ለመምህርህም እንዲህ ብለህ በትሕትና አስረዳው፦ መጽሐፉን የጻፉትም ሰዎች ካዩና ከሰሙ ሰዎች፣ ከደብዳቤና ከጋዜጣ ተነሥተው ነው።

ዋናው ነገር እንዲህ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ከምንለው ማለት ነው፣ በቮልስዋገን ተጭነው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር መወሰዳቸው በብዙ በኩል የተመሰከረ ነው። አያትህ የምትለው ከዚያ ጋር ይገጥማል። ጎረቤቷ በቀለሙ ላይ ባትስማማ ዋናው አይፈርስም፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቀለም ይምታታል። እንዲያውም ሁለቱ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ቢናገሩ ነበር እኔ ተማክረዋል ብዬ የምጠረጥረው።

አሁን ያንተ ሥራ አያትህ ያየችውን ከሰማችው መለየት ነው። ያኔ ስንት ዓመቷ ነበር? የት ቆማ ነበር? ንጉሡን ራሳቸውን አየች ወይስ መኪናውን ብቻ? ወይስ በኋላ ፎቶውን አይታ ከትዝታዋ ጋር ተቀላቀለባት? ይህ በሁላችንም ላይ ይደርሳል፣ እንዳታፍር አድርገህ ጠይቃት። የምታወራውን በስልክህ ቅዳ፤ ከመጀመርህ በፊት ግን አስፈቅዳት። የቀዳህበትን ቀን ጻፍ። ከዚያ ከመምህርህ ወይም ከወላጅህ ጋር ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ማለት ነው፣ ሄዳችሁ የዚያን ሳምንት አዲስ ዘመን ጋዜጣ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁና ከእሷ ቃል ጋር አስተያየው። የሚገጥመውንም የማይገጥመውንም ጻፍ፤ የማይገጥመውን አትደብቅ።

ወሬውን ስትጨርስ ደግሞ አንዲት ነገር ጠይቅልኝ፦ መኪናው ሲያልፍ አጠገቧ ማን ቆሞ ነበር? ያ ሰው በሕይወት ካለ አድራሻውን ተቀበላት፣ ሁለተኛ እማኝህ እሱ ነው።